እባብ እግሩን የት ጣለው?

በቤትዎ ልጅ ካለ ይህ ጥያቄ አንድ ቀን መምጣቱ አይቀርም። እራት ቀርቦ፣ ወይም መኪና ውስጥ ሆናችሁ የትራፊክ መብራት እየጠበቃችሁ፣ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ «እባብ ለምንድን ነው እግር የሌለው?» ይባላሉ። አብዛኞቻችን «አፈጣጠሩ ነው» ብለን እንገላገላለን። አያት በቤት ውስጥ ካሉ ደግሞ የኤደን ገነቱን ታሪክ ያወሳሉ። ያ ታሪክ የራሱ ቦታና ክብር አለው፤ እዚህ አንገባበትም። የዛሬው ወሬያችን በድንጋይ ውስጥ ተቀብሮ ስለተገኘው ማስረጃ ነው።

የልጁ ጥያቄ ታዲያ የዋዛ እንዳይመስልዎ። የሥነ ሕይወት ሊቃውንት ከ150 ዓመት በላይ ተከራክረውበታል። አንዱ ያቆመውን ሌላው ሲያፈርስ ኖሯል፤ ክርክሩ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም። ቢሆንም ባለፉት ሃያ ዓመታት ከአርጀንቲና በረሃ፣ ከሊባኖስ ድንጋይና ከአሜሪካ ቤተ ሙከራዎች የተገኘው መረጃ ሲደመር፣ ለልጅዎ ሊነግሩት የሚችሉት ግሩም ታሪክ ወጥቶታል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በቅድሚያ አንድ ነገር እናስተካክል። «እባብ እግር የለውም» የሚለው አባባል ራሱ ሙሉ እውነት አይደለም። በአገራችን ቆላማ ቦታዎች፣ በተለይ ውኃ በማይጠፋበት አካባቢ የሚኖረውን ትልቁን ዘንዶ ሆዱን አገላብጦ ያየ ሰው፣ ጅራቱ በሚጀምርበት ቦታ ግራና ቀኝ ሁለት አጫጭር ጥፍር መሰል ነገሮች ብቅ ብለው ያገኛል። እነዚህ የኋላ እግሮቹ ቅሪት ናቸው። ከቆዳው ሥር ደግሞ የጭን አጥንትና የዳሌ አጥንት ቁርጥራጭ አለ። ከሥጋው ውስጥ ተሸሽጎ የቀረ፣ ከአከርካሪው ጋር ያልተያያዘ፣ ክብደት የማይሸከም አጥንት ነው። ወንዱ ዘንዶ በመራቢያ ወቅት ሴቷን ለማባበል ይጠቀምበታል እንጂ ለመራመድ ምንም አይረዳውም።

እንግዲህ እግሩ ነበረ ማለት ነው። መቼ፣ የትና እንዴት እንዳጣው ነው የሚቀረው።

እግር ማጣት ብርቅ አይደለም

እባብ በዚህ ብቸኛ ይመስለናል፤ አይደለም። በእንሽላሊቶች ዘር ውስጥ እግር የመቀነስ ወይም ጨርሶ የመጥፋት ነገር ቢያንስ 25 ጊዜ ያህል፣ አንዱ ከሌላው ጋር ሳይገናኝ ተከስቷል። በአውስትራሊያ የሚኖሩ ሌሪስታ የሚባሉ ትናንሽ እንሽላሊቶች አሉ። በዚህ አንድ ቤተሰብ ውስጥ በየእግሩ አምስት ጣት ያለው፣ ሦስት ያለው፣ ሁለት ያለው፣ የኋላ እግር ብቻ የቀረው፣ በመጨረሻም ምንም እግር የሌለው ዝርያ ጎን ለጎን ዛሬ በሕይወት ይገኛሉ። የለውጡን ደረጃዎች አንድ በአንድ እንደ ፎቶ አልበም ማገላበጥ ይቻላል።

ለምን እንዲህ ሆነ ቢሉ፣ ልጅዎ የወደቀ ኳሱን ለማውጣት ሶፋ ሥር ሲገባ ያስተውሉት። መጀመሪያ ጭንቅላቱን ያስገባል፣ እጁን ከጎኑ ይለጥፋል፣ ከዚያ በሆዱና በትከሻው እየተወዛወዘ ይሳባል። በጠባብ ቦታ የተዘረጋ እጅና እግር ዕንቅፋት ነው። በአሸዋ ውስጥ፣ በረገፈ ቅጠልና በልል አፈር መካከል የሚሹለከለክ ትንሽ እንሽላሊትም ጣጣው ይኸው ነው። አካሉ ረዘም፣ እግሩ አጠር ያለው በቀላሉ ያልፋል፤ ምግቡን ያገኛል፤ ከጠላት ያመልጣል፤ ይወልዳል። ይህ በሚሊዮን ትውልዶች ሲደጋገም እግር ቀስ በቀስ ይሟሽሻል።

ፍልፈልስ ይቆፍር የለም እንዴ፣ እግሩ መቼ ጠፋ? ይሉ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ፍልፈል አፈሩን በጥርሱና በእግሩ እየማሰ ሰፊ መተላለፊያ ያበጃል፤ እግሩ የሥራ መሣሪያው ነው። ብዙዎቹ ቆፋሪ ተሳቢ እንስሳት ግን መቆፈሪያቸው ጭንቅላታቸው ነው።

የዚህ ጥሩ ምሳሌ በሳይንስ ስማቸው አምፊስቤኒያ የሚባሉት፣ ከሩቅ ሲታዩ የመሬት ትል የሚመስሉ ተሳቢዎች ናቸው። ከእኛም ሩቅ አይደሉም፤ በአፍሪካ ቀንድ በሶማሊያ በኩል የሚኖሩ ዝርያዎች አሏቸው። ጭንቅላታቸው እንደ መዶሻ ድፍን ያለ ነው። በሜክሲኮ ባሃ ካሊፎርኒያ የሚኖረው አንዱ ዘመዳቸው የኋላ እግሮቹ ጠፍተው ሁለት አጫጭር የፊት እግሮች ብቻ ቀርተውታል፤ መልኩን ላየ ሰው ሠሪው ሥራውን ሳይጨርስ የተነሣ ይመስላል። በ2011 ከጀርመኑ የሜሴል የቅሪተ አካል ጉድጓድ የወጣ፣ 47 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያለውና ክሪፕቶላሰርታ የተባለ ትንሽ እንሽላሊት ይፋ ሆነ። እግሮቹ አራቱም አሉ፤ የራስ ቅሉ ግን ከወዲሁ እንደ ቆፋሪ ወፍሯል። ያጠኑት ተመራማሪዎች የአምፊስቤኒያዎች ዘመድ ነው ብለው አሰቡ። ይህ ልክ ከሆነ በእነዚህ ፍጥረታት ጭንቅላቱ ቀድሞ ተለውጧል፤ እግሩ የጠፋው ከዚያ በኋላ ነው።

እባብስ በዚሁ መንገድ ሄዶ ይሆን? ጠቡ የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

ባሕር ወይስ ጉድጓድ?

በ1869 ኤድዋርድ ድሪንከር ኮፕ የተባለ አሜሪካዊ የቅሪተ አካል ሊቅ፣ እባቦች ሞሳሳውር ከሚባሉት ግዙፍ ጥንታዊ የባሕር ተሳቢዎች ጋር ይዛመዳሉ አለ። በዚህ አስተሳሰብ የእባብ አያቶች ዋናተኞች ነበሩ። ለዓሣ እግር ምን ያደርግለታል? ረጅም አካል እየተጠማዘዘ ውኃውን ይቀዝፋል፤ እግር ይጠፋል።

የጉድጓድ ወገን ደግሞ ማስረጃውን የጠቀሰው ከራሱ ከእባቡ ፊት ነው። እባብ የሚከደን የዐይን ቆብ የለውም፤ ዐይኑን የሚሸፍነው እንደ መነጽር የጠራ ቅርፊት ነው፤ ስለዚህ አይጨፍንም። ከውጭ የሚታይ ጆሮም ሆነ የጆሮ ታምቡር የለውም። በ1942 ጎርደን ዎልስ የተባለ የዐይን ተመራማሪ አንድ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። እንደ እርሱ አባባል የእባብ ዐይን አሠራር ከእንሽላሊት የተለየ ነው፤ እንሽላሊት አጥርቶ ለማየት የዐይኑን ሌንስ ቅርጽ ይለውጣል፣ እባብ ግን ሌንሱን ወደፊት ይገፋዋል። ዎልስ ከዚህ ተነሥቶ፣ የእባብ አያቶች ከመሬት በታች በጨለማ ሲኖሩ ዐይናቸው ደክሞ ነበር፤ ወደ ብርሃን ሲመለሱ እንደ አዲስ ተሠራ ብሎ ደመደመ። ቤቱ ፈርሶ በተረፈው ድንጋይ ሌላ ቤት እንደማቆም ማለት ነው።

ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን የባሕር ወገኖችም ዝም አላሉም፤ የጠራ የዐይን ሽፋን ለዋናተኛም ይጠቅማል፣ የጆሮ ቀዳዳ መዘጋትም እንዲሁ። በሕይወት ያለውን እባብ ብቻ በማየት ዳኝነት መስጠት አልተቻለም። ድንጋዩ ይናገር ተባለ።

ድንጋዩ ደግሞ ስለ እባብ ቁጥብ ነው። የሰው አከርካሪ 33 አጥንቶች አሉት፤ የእባብ ከ200 እስከ 400 ይደርሳል። እባብ ሲሞት እነዚህ ክር እንደተበጠሰበት ጨሌ ይበታተናሉ። የራስ ቅሉ አጥንቶች ስስና ልል በመሆናቸው ቀድመው የሚጠፉት እነርሱ ናቸው። ለዚህ ነው ብዙ ጥንታዊ እባቦች ከአንድ ወይም ከሁለት የአከርካሪ አጥንት ብቻ የሚታወቁት።

በዚህ ላይ ነው የመካከለኛው ምሥራቅ ግኝት እንደ መብረቅ የወረደው። ከኢየሩሳሌም በስተሰሜን፣ በራማላህ አቅራቢያ ዐይን ያብሩድ በሚባል ቦታ ካለ የድንጋይ ማውጫ የወጣ ቅሪተ አካል ነበር። በኢየሩሳሌም ያስተምር የነበረው ጌዮርግ ሃስ በ1970ዎቹ መጨረሻ ፓኪራኪስ ብሎ ሰይሞት ነበር። በ1997 ማይክል ካልድዌልና ማይክል ሊ እንደገና አጥንተው «ይህ የኋላ እግር ያለው እባብ ነው» ብለው አወጁ። ዕድሜው ወደ 95 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል። የኖረው በባሕር ውስጥ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ2000፣ ሌሎች ሁለት ተጨመሩ፤ ሃሲዮፊስ ከዚያው ከዐይን ያብሩድ፣ ዩፖዶፊስ ደግሞ ከሊባኖስ።

ዩፖዶፊስ አንድ እግሩ ከድንጋዩ ላይ ይታያል፤ ሁለተኛው ግን ውስጥ ተቀብሯል። ድንጋዩን መስበር አይታሰብም። በ2011 ተመራማሪዎች ቅሪቱን በፈረንሳይ ግሬኖብል ባለው ትልቅ የጨረር ተቋም አስገብተው፣ ከሆስፒታል ራጅ እጅግ በሚበልጥ ጨረር አነሡት። 2 ሴንቲ ሜትር ብቻ የሚሆን፣ ጉልበቱ ላይ የታጠፈ፣ ቁርጭምጭሚት ያለውና ጣት የሌለው እግር ታየ።

የባሕር ወገኖች ያሸነፉ መሰለ። የሚገርመው ግን ይህ ድል አሥር ዓመት እንኳ በሰላም አልቆየም።

የጥንብ አንሣዎች ማረፊያ

በአርጀንቲና ሪዮ ኔግሮ ክፍለ ሀገር ላ ቡይትሬራ የሚባል ቦታ አለ። ስሙ በስፓንኛ የጥንብ አንሣዎች ማረፊያ እንደማለት ነው። ከ95 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት አካባቢው የአሸዋ ክምሮች የተንጣለሉበት በረሃ ነበር፤ የባሕር ጠረን አልነበረውም። በ2006 ሴባስቲያን አፔስቴጊያና ሁሳም ዛሄር ከዚያ የተገኘ እባብ ይፋ አደረጉ። ስሙን ናጃሽ አሉት፤ እባብ ለማለት በዕብራይስጥ ኦሪት ከሚገኘው ናኻሽ ከሚለው ቃል ወስደው ነው። የሳይንስ ሰዎችም የአያትዎን ታሪክ እንደማይረሱ ይመለከታሉ።

ናጃሽ የኋላ እግር ብቻ ሳይሆን እግሩን ከአከርካሪው ጋር የሚያያይዝ አጥንትም ነበረው። ይህ ለምን ትልቅ ነገር እንደሆነ ለመረዳት እጅዎን ከወገብዎ በታች፣ ከመቀመጫዎ በላይ ያድርጉት። እዚያ የሚያገኙት ጠንካራ አጥንት አከርካሪዎን ከዳሌዎ ጋር ያያይዘዋል፤ ሲቆሙ የገላዎ ክብደት በእርሱ በኩል ወደ እግርዎ ይወርዳል። በባሕር እባቦቹ ላይ ይህ ማያያዣ ጠፍቷል፤ እግራቸው እንደ ተንጠልጣይ ጌጥ ነው። በናጃሽ ግን አለ። እግሩ ትንሽ ቢሆንም የሚሠራ እግር ነበር። ከዚህም በላይ የአጥንቱ አሠራር ከባሕሮቹ ይልቅ ወደ ጥንቱ መልክ የቀረበ ነው። በየብስ የኖረው የበለጠ ጥንታዊ ጠባይ ከያዘ፣ እባብ የጀመረው በየብስ ነው ማለት ይመስላል። ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2004፣ የዘረመል ጥናትም እባቦች ከባሕር ተሳቢዎች ጋር ተቀራራቢ ዘመድ ናቸው የተባሉትን እንደ አርጃኖ ያሉ እንሽላሊቶች ከእባብ አርቆ አስቀምጦ ነበር። ሁለቱ ሲገጣጠሙ ሚዛኑ ወደ የብስ አጋደለ።

ቀጥሎ የመጣው ለወጣት ልጆችዎ ሊነገር የሚገባ ነው። ፈርናንዶ ጋርቤሮሊዮ በ2013 ገና የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ ወደ ላ ቡይትሬራ የመስክ ሥራ ወጣ። ከመሬት ትንሽ ጠጠር የመሰለ ነገር አነሣ፤ ሲያየው የእባብ የራስ ቅል ነበር፤ ለዚያውም ሦስት ገጽታ እንዳለው ሆኖ፣ ሳይጨፈለቅ የቆየ። በ2019 ከእርሱና ከባልደረቦቹ በወጣው ጥናት ይህና ሌሎች የናጃሽ የራስ ቅሎች በሲቲ ስካን ተመረመሩ። ከሚያስደንቁት ግኝቶች አንዱ የጉንጭ አጥንት ነው። ጉንጭዎን ከዐይንዎ ሥር ቢነኩት የሚያገኙት አጥንት በዛሬ እባቦች ላይ የለም፤ በናጃሽ ላይ ግን ነበረ።

ተመራማሪዎቹ ሁለት ነገር ደመደሙ። አንደኛ፣ እባቦች የኋላ እግራቸውን ይዘው በአሥር ሚሊዮኖች ለሚቆጠሩ ዓመታት ኖረዋል። እግር አንድ ቀን ተነሥቶ የሄደ ነገር አይደለም፤ ግማሽ እግር ይዞ መኖር ራሱ የተሳካ ኑሮ ነበር። ሁለተኛው ደግሞ ለጉድጓድ ወገን ያልተመቸ ነው። ናጃሽ እንደ መሬት ትል የቀጠነ አልነበረም፤ ገላው ትልቅ፣ አፉም ሰፊ ነበር። የድፍን ጭንቅላት ባለቤት የሆኑትን ቆፋሪ ተሳቢዎች ያስታውሱ፤ ሰፊ አፍና ልል መንጋጋ አፈር ለመብሳት የሚመች መሣሪያ አይደለም።

ጆሮ የሚናገረው

አሁንም ግን ጉድጓዱን አንተወው፤ ሌላ ምስክር አለና። ዲኒሊሲያ የሚባለው ጥንታዊ እባብ በአርጀንቲና ተገኝቶ በ1901 ነው የተሰየመው። ርዝመቱ ወደ ሁለት ሜትር ይጠጋል፤ የኖረው ከ85 ሚሊዮን ዓመት በፊት አካባቢ ነው። ለመቶ ዓመት ያህል ጭንቅላቱ በሙዚየም ተቀምጦ ከውጭ ብቻ ይታይ ነበር። በ2015 ሆንግዩ ዪና ማርክ ኖሬል የራስ ቅሉን በሲቲ ስካን አንሥተው የጆሮውን ውስጠኛ ክፍል ቅርጽ በኮምፒውተር አወጡት። በዛሬዎቹ ቆፋሪ እባቦችና እንሽላሊቶች ላይ በዚያ ቦታ አንድ ትልቅ፣ እንደ ኳስ የከበበ ክፍል ይገኛል፤ በአፈር ውስጥ የሚመጣን ንዝረት ለመስማት ይረዳል ተብሎ ይታመናል። ዲኒሊሲያም ያው ነበረው። ሁለት ሜትር የሚሆን እባብ ጉድጓድ ውስጥ ይኖር ነበር ማለት ነው፤ ቢያንስ የቀኑን ብዙ ክፍል።

በ2017 ሌሎች ተመራማሪዎች ብዙ ተጨማሪ ዝርያዎችን አነጻጽረው ነገሩ እንደተባለው ጥርት ያለ አይደለም አሉ፤ ለእነርሱ ያ ቅርጽ በከፊል ቆፋሪ ለሆነም፣ በከፊል ውኃ ውስጥ ለሚኖርም ይገጥማል።

እንግዲህ ፍርዱ ምንድን ነው? ጸሐፊው የሚያዘነብለው ወደዚህ ነው፦ የባሕሩ መነሻ በጣም ደክሟል። «ትል መሳይ ደቃቅ ቆፋሪ» የሚለው አሮጌ ሥዕልም በናጃሽ ፊት አልጸናም። የቀረው በየብስ ላይ፣ በሌሎች እንስሳት ጉድጓድ፣ በስንጥቅና በአሸዋ ውስጥ እየገባ የሚያድን ረጅም እንሽላሊት ነው። ዛሬም ብዙ እባቦች የሚኖሩት እንዲህ ነው፤ ጉድጓዱን ራሳቸው አይቆፍሩም፤ የአይጥ ቤት ውስጥ ገብተው ባለቤቱን ይበላሉ።

አራት እግር ያለው «እባብ» እና የባለቤትነት ጥያቄ

የኋላ እግር ብቻ ያላቸውን አይተናል፤ አራቱም እግር ያለው እባብስ የት አለ? በ2015 ተገኘ ተባለ። ከብራዚል ሴያራ ግዛት የወጣ፣ ርዝመቱ 20 ሴንቲ ሜትር የማይሞላ፣ በየእግሩ አምስት ጣቶች የደረደረ ቀጭን ፍጥረት ነው። ቴትራፖዶፊስ፣ ማለትም አራት እግር ያለው እባብ ተባለ። ዜናው ዓለምን ዞረ። ዴቪድ ማርቲል የተባለው ተመራማሪ ያየው ተማሪዎቹን ይዞ በጀርመን ዞልንሆፈን ወደሚገኝ ሙዚየም በሄደበት ነው፤ ቅሪቱ የግል ስብስብ ነበር።

ወዲያው ሁለት ጠብ ተነሣ። አንዱ ሳይንሳዊ ነው። በ2021 ካልድዌልና ባልደረቦቹ ድንጋዩ ሲሰነጠቅ በሌላው ገጽ ላይ የቀረውን የራስ ቅል አሻራ ጭምር አጥንተው፣ ይህ እባብ ሳይሆን ዶሊኮሳውር የሚባል ረጅም የባሕር እንሽላሊት ነው ብለው ጻፉ። ብዙዎች ዛሬ ይህን ይቀበላሉ።

ሁለተኛው ጠብ ለእኛ አንባቢዎች ይበልጥ የሚገባን ነው። በብራዚል ሕግ ከ1942 ጀምሮ ቅሪተ አካላት የመንግሥት ንብረት ናቸው። ታዲያ ይህ ከአገር እንዴት ወጣ? ለምንስ በጥናቱ ላይ አንድም ብራዚላዊ ስም የለም? ብራዚላውያን ተመራማሪዎች ይህን አጥብቀው ጠየቁ። ድንቅነሽ በ1974 አፋር ሐዳር ላይ ተገኝታ ዛሬ በአዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም የመኖሯ ነገር የሚያኮራው ኢትዮጵያዊ የብራዚሎቹን ቁጭት ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም። ድንቅነሽ በ2007 ወደ አሜሪካ ለጉብኝት ስትሄድ እንኳ «ትሂድ፣ አትሂድ» ተብሎ ስንት ተወራ! በግል ሰው እጅ ያለ ቅሪት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ ባለቤቱ በሩን ከዘጋ የተጻፈውን ማንም ሊያረጋግጥ አይችልም።

ሶኒክ በእባቡ ሆድ ውስጥ

ልጆችዎ ሶኒክ የሚባለውን ሰማያዊ የቪዲዮ ጌም ገጸ ባሕርይ ያውቁታል። በገላችን ውስጥ በእርሱ ስም የተሰየመ ጂን እንዳለ ግን ላያውቁ ይችላሉ። ተመራማሪዎች በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሲያገኙት፣ እንደ ቀልድም እንደ ቁም ነገርም፣ ሶኒክ ሄጅሆግ ብለው ጠሩት። ይህ ጂን በፅንስ ውስጥ ብዙ ሥራ አለው፤ አንጎልም፣ አከርካሪም፣ እጅና እግርም ሲሠሩ ትእዛዝ ይሰጣል።

እባብ ይህን ጂን ቢጥለው ጭራሽ አይወለድም። ታዲያ እግሩን እንዴት አጠፋ? መልሱ ማብሪያ ማጥፊያው ላይ ነው። ቤትዎ ውስጥ አንድ የመብራት መስመር ሳሎኑንም፣ ወጥ ቤቱንም፣ መኝታ ቤቱንም ያበራል፤ እያንዳንዱ ክፍል ግን የራሱ ማብሪያ አለው። የመኝታ ቤቱ ማብሪያ ቢበላሽ ሳሎኑ አይጨልምም። በእባብ ላይ የተበላሸው የእግር ክፍል ማብሪያ ብቻ ነው።

ይህን በ2016 ሁለት ቡድኖች አሳዩ። በካሊፎርኒያ ሎውረንስ በርክሊ ብሔራዊ ቤተ ሙከራ ያሉት የአይጥን የእግር ማብሪያ አውጥተው በምትኩ የሰውን አስገቡ፤ አይጧ ደህና እግር ይዛ ተወለደች። የዓሣ አስገቡ፤ አሁንም ደህና ነች። የእባብ ሲያስገቡ ግን የተወለደችው አይጥ እግሮቿ ጉቶ ብቻ ሆኑ። ከዘንዶው ማብሪያ ላይ የጎደሉትን 17 የዘረመል ፊደላት መልሰው ሲጨምሩ ደግሞ እግር ተመለሰ። አሥራ ሰባት ፊደል ማለት የዚህን ዓረፍተ ነገር ያህል እንኳ አይደለም። በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ያለው ሌላው ቡድን ደግሞ የዘንዶን እንቁላል ከፍቶ ፅንሱን ተመለከተ። እዚያ ውስጥ የኋላ እግር ይጀመራል፤ ጂኑ ብልጭ ይላል፤ ወዲያው ይጠፋል። በየእንቁላሉ ውስጥ ያ አሮጌ ትእዛዝ እስከ ዛሬ ይጀመርና ይቋረጣል። ዘንዶው ጥፍር መሰል ቅሪቱን የያዘው ለዚህ ነው።

ከሰማይ የወረደው ድንጋይና ከመሬት በታች የተረፉት

ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት በዛሬዋ ሜክሲኮ ላይ ግዙፍ የሰማይ አካል ወደቀ። ከወፎች በቀር ዳይኖሰሮች በሙሉ አለቁ። ሰማዩ ጨለመ፤ ተክል ደረቀ፤ ተክል በል ሲሞት ሥጋ በልም ተከተለ። በ2021 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው የዛሬዎቹ እባቦች በሙሉ ከዚያ ጥፋት ከተረፉ ጥቂት ዝርያዎች ሳይወረዱ አይቀሩም። ምን አዳናቸው? ከመሬት በታች መደበቅ መቻላቸውና ለረጅም ጊዜ ያለ ምግብ መቆየታቸው ሳይሆን አይቀርም። አምፊስቤኒያዎችም በዚያው መንገድ ተርፈዋል ተብሎ ይታሰባል።

የጉድጓዱ ታሪክ በዚህ መልክ ሁለተኛ ጊዜ ይመለሳል። እግር የጠፋው በጉድጓድ ይሁን በሣር መካከል ክርክሩ ቢቀጥልም፣ ዘራቸውን ለዛሬ ያደረሰው ጉድጓድ እንደሆነ ብዙ የሚከራከር የለም። ከዚያ ጥቂት የተራቡ ተራፊዎች ዛሬ ከ3900 በላይ የእባብ ዝርያዎች አሉ። ዳይኖሰሮች በጠፉ በጥቂት ሚሊዮን ዓመታት ውስጥ በኮሎምቢያ ቲታኖቦዋ የተባለ 13 ሜትር የሚደርስ እባብ ተነሥቶ ነበር፤ ከከተማ አውቶቡስ የሚረዝም ማለት ነው።

ከዚያኛው ጫፍ ደግሞ የአበባ ማሰሮ እባብ የሚባለውን ያገኛሉ። ከ20 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነ፣ ጥቁር ቡናማ፣ በአንድ ዐይን ቢያዩት የመሬት ትል የሚሉት ዓይነት ነው። በተክል ሥር ባለ አፈር ተጭኖ ከእስያ ተነሥቶ የዓለምን ሞቃት አገሮች አዳርሷል። ሴት ብቻ ነው፤ ያለ ወንድ ትራባለች፤ አንዲቷ በማሰሮ ከገባች አዲስ አገር ለመያዝ በቂ ናት። ምግቧ የጉንዳንና የምስጥ እንቁላልና ዕጭ ነው፤ ሰው አትነክስም። በአፍሪካ የእርሷ ዘመድ የሆኑ ሌሎች ዕውር እባቦችም ብዙ ናቸው፤ ጓሮ ሲቆፈር ወይም ከዝናብ በኋላ ብቅ ይላሉ።

እዚህ ላይ ግን ወላጅ መጠንቀቅ ያለበት ነገር አለ። በአገራችን ከመሬት በታች የሚኖሩ፣ ቀጭንና ጥቁር፣ ለዐይን ምንም የማያስፈሩ መርዘኛ እባቦችም አሉ። የጥርሳቸው አወጣጥ ልዩ ነው፤ አፋቸውን ሳይከፍቱ በጎን ይወጋሉ። ስለዚህ «ማጅራቱን ከያዝኩት አይነክሰኝም» የሚለው የጎረምሳ ብልኃት በእነርሱ ላይ አይሠራም። ልጅዎ በጓሮ የትኛውንም ትል መሳይ እባብ ቢያገኝ በእጁ እንዳይነካ አስቀድመው ይንገሩት፤ ከራቅ ብሎ ማየት ይበቃል። የተነከሰ ሰው ካለ በምላጭ መብጣትም፣ መምጠጥም ሳያስፈልግ የተነከሰውን ክፍል ሳያንቀሳቅሱ በፍጥነት ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ነው።

ከሩቅ ሲያዩት ደግሞ ጭንቅላቱን ከጅራቱ መለየት እንደሚያስቸግር ልጅዎ ያስተውላል። ዐይኖቹ ከቅርፊት ሥር የተቀበሩ ሁለት ጥቋቁር ነጥቦች ናቸው፤ ብርሃንን ከጨለማ ከመለየት ብዙም አያልፉም። ከእነዚህ ዕውር እባቦች ብዙዎቹ በራጅ ቢታዩ፣ ከጅራታቸው አጠገብ ከሥጋቸው መካከል ከሩዝ ፍሬ የማይበልጥ አጥንት ይገኛል። የዳሌ አጥንት ነው።